ፋክተር፣ ብዜት፣ ፕራይም፦ ተማሪዎቼም ወላጆቻቸውም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ቤት ለቤት ሒሳብ አስጠናለሁ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ናቸው፣ እና ይሄ ቻፕተር በደረሰ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው የሚመጣልኝ፣ ቀን ከልጁ ማታ ደግሞ ከእናቱ በስልክ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር አዘጋጁ፦ ቆርኪ። 30 ምናምን የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል፣ ቆርኪ ከጠፋ ሽምብራም ይሆናል። ቀልዴን አይደለም፣ ከታች ካሉት መልሶች ግማሾቹ ቆርኪ መደርደር ናቸው።

ፋክተርና ብዜት ሁሌ ይምታታብኛል፣ የትኛው የትኛው ነው?

12 ቆርኪ ውሰዱና ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፣ ረድፎቹ ግን እኩል መሆን አለባቸው። 1 ረድፍ ባለ 12 ይሆናል፣ 2 ረድፍ ባለ 6 ይሆናል፣ 3 ረድፍ ባለ 4 ይሆናል፣ በቃ ሌላ የለም (4 በ3 ማድረግ ያው ራሱን ማዞር ነው)። 5 ረድፍ ልሥራ ብትሉ 2 ቆርኪ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የድርድሮቹ ጎን ላይ የምታዩዋቸው ቁጥሮች ማለትም 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 የ12 ፋክተሮች ናቸው፣ የአማርኛው መጽሐፍ አካፋይ የሚላቸው።

ብዜት ደግሞ 12ቱን ቆርኪ ባንድ ፌስታል አስራችሁ እንደዛው አይነት ሌላ ፌስታል ስትጨምሩ የሚመጣው ነው፣ 12፣ 24፣ 36፣ 48 እያለ ይሄዳል፣ ማለቂያ የለውም። የለስላሳ ሳጥን አስቡ፣ አንዱ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል 4 በ6 ተደርድሮ፣ እዚያ ውስጥ 4ና 6 የ24 ፋክተሮች ናቸው፣ ለሠርግ የመጣው 10 ሳጥን ውስጥ ያለው 240 ጠርሙስ ደግሞ የ24 ብዜት ነው። ሳጥኑን ወደ ውስጥ ስታዩ ፋክተር፣ ሳጥን ስትደራርቡ ብዜት። ፋክተር ከቁጥሩ አይበልጥም፣ ብዜት ከቁጥሩ አያንስም (0ን ለጊዜው ተዉት፣ እሱ የራሱ ጣጣ አለው፣ ከታች እመጣበታለሁ)።

ፋክተሮቹን ስዘረዝር ሁሌ አንድ ሁለቱን እዘላለሁ፣ ምን ላድርግ?

በጥንድ ጻፉ። በአንድ መስመር 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ የሚዘረዝር ልጅ መዝለሉ አይቀርም። 72ን ውሰዱ፦ 1×72፣ 2×36፣ 3×24፣ 4×18፣ 5 አይሆንም፣ 6×12፣ 7 አይሆንም፣ 8×9። ቀጥሎ 9 ነው፣ ግን 9 ቅድም በቀኝ በኩል ተጽፏል፣ እዚህ ጋ ቆም። ግራው እየጨመረ ቀኙ እየቀነሰ መጥተው ሲገናኙ ሥራው አለቀ። 12 ፋክተር ተገኘ፣ አንዱም አላመለጠም።

እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሁሉም በጥንድ ስለሚመጣ የፋክተሮቹ ብዛት ሁሌ ተጋማሽ መሆን ነበረበት፣ ግን 36 ጋ ሂዱና ቁጠሩ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 36፣ ዘጠኝ ናቸው። ምክንያቱም 6 ጥንዱ ራሱ ነው፣ 6×6። ስለዚህ የፋክተሩ ብዛት ኢ-ተጋማሽ የሚሆነው አንድ ቁጥር ራሱን በራሱ ሲባዛ የሚመጣው ብቻ ነው፣ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያለ የሚሄደው፣ በቆርኪ ሲደረደር አራቱም ጎኑ እኩል የሚሆነው።

ሳልዘረዝር ስንት ፋክተር እንዳለው ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። ለምሳሌ 360ን እስከ ፕራይም ድረስ (ከዚያ በላይ የማይሰበር ቁጥር ነው፣ ቀጥሎ እመጣበታለሁ) ስትሰብሩት 2×2×2×3×3×5 ይመጣል። አንድ ፋክተር ስትሠሩ ከሦስቱ 2ዎች ምንም አለመውሰድ፣ አንድ፣ ሁለት ወይ ሦስቱንም መውሰድ ትችላላችሁ፣ 4 ምርጫ። ከ3ቶቹ 3 ምርጫ፣ ከ5 ደግሞ 2 ምርጫ። 4×3×2 = 24። ክብ ለምን 360 ዲግሪ ሆነ ለምን 100 አልሆነም ለሚል ልጅ ይሄንን አሳዩት፣ 100 ያለው 9 ፋክተር ብቻ ነው፣ 3 ቦታ እንኳን እኩል አይከፈልም። ሰዓትም እንደዚሁ፣ 60 ደቂቃ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 እኩል ይከፈላል፣ በ60 መቁጠር የመጣው ከጥንት ባቢሎን ሰዎች ነው እና ሰዎቹ ያወቁ ነበሩ።

እሺ ፕራይም ማለት ምንድነው?

አሁን 13 ቆርኪ ውሰዱ። ደርድሩ። አንድ ረጅም መስመር ይሆናል፣ ሌላ ምንም አይሆንም፣ 2 ረድፍ ስትሉ አንድ ይተርፋል፣ 3 ስትሉ አንድ ይተርፋል፣ 4 ስትሉም አንድ ይተርፋል (ከ12 ቀጥሎ ስለሆነ ነው)፣ 5 ስትሉ ሦስት ይተርፋል። እንዲህ አይነቱ ከአንድ መስመር ውጪ አልደረደር የሚል ቁጥር ነው ፕራይም፣ በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር። ስሙን በጣም ነው የምወደው፣ እውነትም ብቸኛ ነው፣ ከ1 እና ከራሱ ሌላ ዘመድ የለውም። ከ2 ጀምሮ ያሉት ሌሎቹ፣ ማለትም ከመስመር ውጪ የሚደረደሩት፣ ኮምፖዚት ይባላሉ።

አንድ አባት ልጃቸው ሲደረድር ቁጭ ብለው አይተው «ታዲያ 13 ገደ ቢስ ነው የሚሉት ለዚህ ነው?» አሉኝ። አይ፣ ያኛው ሌላ ነው።

1 ለምንድነው ፕራይም ያልሆነው? ለ1ም ለራሱም ይካፈላል እኮ!

የዚህ ቻፕተር ንጉሥ ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ ተማሪዬ ፈተና ላይ 1ን ፕራይም ብሎ ጽፎ ራይት ተደርጎለት ወረቀቱን አምጥቶ አከራከረኝ፣ የየት ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር፣ ግን ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ «ለ1ና ለራሱ ብቻ የሚካፈል» የምትለዋ ትርጉም ናት ጉድ የምትሠራው። ትክክለኛው አባባል «ልክ ሁለት ፋክተር ያለው» ነው። 13 ሁለት አለው፣ 1 ያለው አንድ ብቻ ነው። አለቀ።

«ለምን እንደዛ ተባለ ግን?» የሚል ጎበዝ ልጅ ሁሌ አለ፣ ለሱ ደግሞ እንዲህ ነው። 12ን በፈለጋችሁት መንገድ ስበሩት፣ 3×4 ብላችሁ ጀምሩ ወይ 2×6 ብላችሁ ጀምሩ፣ መጨረሻ ላይ የምታገኙት 2፣ 2 እና 3 ነው፣ ቅደም ተከተሉ ይለያይ ይሆናል እንጂ ፕራይሞቹ አይለወጡም። ይሄ ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል፣ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ የሆነ አንድ የፕራይም አሻራ አለው ማለት ነው። አሁን 1ን ፕራይም ነው እንበል፣ 12 = 2×2×3፣ ደግሞም 1×2×2×3፣ ደግሞም 1×1×1×2×2×3 ሊሆን ነው፣ አሻራው ማለቂያ አጣ። እና ሒሳበኞች ሁሌ «ከ1 በስተቀር» እያሉ ከሚኖሩ 1ን ከዝርዝሩ ማውጣቱን መረጡ። ድሮ እንደዛ አልነበረም፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሒሳበኛ ጎልድባክ 1ን ከፕራይም ጋር ይቆጥር ነበር፣ ስለዚህ ልጃችሁ ቢከራከር ደደብ አይደለም፣ 300 ዓመት ዘግይቶ ነው።

2 ተጋማሽ ሆኖ እንዴት ፕራይም ይሆናል?

ፋክተሮቹ 1 እና 2፣ ሁለት ናቸው። ከሱ በኋላ ያለ ተጋማሽ ሁሉ በ2 ረድፍ ይደረደራል፣ ስለዚህ ተጋማሽ የሆነ ፕራይም 2 ብቻ ነው።

0ስ የማን ነው?

0 የሁሉም ቁጥር ብዜት ነው፣ 5×0 = 0፣ 12×0 = 0። ተጋማሽም ነው። ፋክተር ግን ከራሱ ከ0 በስተቀር ለማንም አይሆንም፣ ምክንያቱም 0ን በምንም አባዝታችሁ 12 አታመጡም። ፕራይምም ኮምፖዚትም አይደለም። የትንሹን የጋራ ብዜት ስትፈልጉ 0ን የማንቆጥረው ለዚህ ነው፣ ከቆጠርነው የሁሉም መልስ 0 ሆኖ ያርፋል።

ከ100 በታች ያሉትን ፕራይሞች መሸምደድ አለብኝ?

አትሸምድዱ፣ በወንፊት አውጧቸው። የግብፅ እስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ (የመሬትን ዙሪያ በጥላ የለካው ሰውዬ ነው፣ የተወለደው ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር ቀሬና ላይ) ያወጣው ዘዴ ነው፣ ስሙም በቀጥታ የኤራቶስቴንስ ወንፊት ነው። ከ2 እስከ 100 በእርሳስ ጻፉ። 2ን አክብቡና ብዜቶቹን በሙሉ ሰርዙ። ቀጥሎ ያልተሰረዘው 3 ነው፣ አክብቡ፣ ብዜቶቹን ሰርዙ። 4 ተሰርዟል። 5፣ ከዛ 7። አለቀ! ወንፊቱ ላይ የቀሩት 25 ናቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 59፣ 61፣ 67፣ 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89፣ 97።

ለምን 7 ላይ ቆምን? ቀጣዩ ጥያቄ ነው።

አንድ ትልቅ ቁጥር ሰጥተውኝ ፕራይም ነው ወይ ቢሉኝ እስከ ስንት ነው የምሞክረው?

ቅድም 72 ላይ ግራና ቀኙ ሲገናኙ ቆምን አይደል፣ እዚህም ያው ነው። ጥንዶቹ የሚገናኙት ራሱን በራሱ አባዝታችሁ ቁጥሩን የሚያክል ቦታ ላይ ነው። 100 ከሆነ 10 ጋ ነው፣ ስለዚህ እስከ 10 ያሉትን ፕራይሞች፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7 መሞከር በቂ ነው፣ ከ10 በላይ የሆነ ፋክተር ካለ ጓደኛው ከ10 በታች ስለሆነ ቀድሞ ይያዛል።

በዓመተ ምሕረት እንጫወት። 2017 ፕራይም ነው ወይ? 44×44 = 1936፣ 45×45 = 2025፣ ስለዚህ እስከ 43 ያሉትን ፕራይሞች ብቻ፣ 14 ናቸው። ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ለ11 ሲካፈል 4፣ ለ13 ሲካፈል 2፣ እያላችሁ እስከ 43 ብትሄዱ አንዱም አይጨርሰውም፣ 2017 ፕራይም ነበር። 2018 ተጋማሽ ነው። 2019 ለ3 ይካፈላል። 2021 ግን ተንኮለኛ ነው፣ እንደ 2017 አስራ ሦስቱን ፕራይሞች አልካፈልም ብሎ ያልፋል፣ ልክ «በቃ ፕራይም ነው» ብላችሁ እስክሪብቶ ልታስቀምጡ ስትሉ በመጨረሻዋ በ43 ይያዛል፣ 43×47። ከ2017 ቀጥሎ ያለው ፕራይም ዓመት 2027 ነው።

በነገራችን ላይ ሰው ሁሉ የሚሸወድባቸው ቁጥሮች አሉ፣ 51 (3×17)፣ 57 (3×19)፣ 87 (3×29)፣ 91 (7×13)፣ 119 (7×17)፣ 133 (7×19)። እኔ ራሴ 8ኛ ክፍል እያለሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥቼ 91 ፕራይም ነው ብዬ ተሟግቻለሁ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ስሜ «ዘጠና አንድ» ሆኖ ቀረ፣ አሁንም አንድ የክፍል ጓደኛዬ መንገድ ላይ ካገኘኝ እንደዛ ነው የሚጠራኝ።

ዲጂቶቹን ደምሮ ለ3 መካፈሉን ማወቅ ለምን ይሠራል? አስማት ነው የሚመስለው

በብር ላሳያችሁ። 572 ብር ለ3 ሰው እኩል ይከፈል። አምስት ድፍን መቶ፣ ሰባት አሥር ብር፣ ሁለት አንድ ብር አላችሁ። አንዱን መቶ ብር ዘርዝራችሁ ለ3 ብታካፍሉ 33፣ 33፣ 33 ሆኖ አንድ ብር ትተርፋለች። ከእያንዳንዱ መቶ አንድ ብር፣ ከአምስቱ 5 ብር ተረፈ። አሥር ብርም እንደዛው፣ 3፣ 3፣ 3 ሆኖ አንድ ይተርፋል፣ ከሰባቱ 7 ብር። በተጨማሪ 2ቱ አንድ ብሮች። የተረፈው 5+7+2 = 14፣ አያችሁ፣ ዲጂቶቹ ናቸው! 14 ለ3 አይካፈልም 2 ይተርፋል፣ ስለዚህ 572ም 2 ይተርፈዋል። ለ9ም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፣ 10ም 100ም 1000ም ለ9 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል።

ለ2፣ ለ5 እና ለ10 የመጨረሻውን ዲጂት ብቻ ማየት ነው። ለ4 የመጨረሻ ሁለቱን (100 = 4×25 ስለሆነ ከመቶ በላይ ያለው አያገባንም)። ለ7 የመጨረሻውን ዲጂት እጥፍ አድርጋችሁ ከቀረው ላይ ቀንሱ፣ 364 ከሆነ 36−8 = 28፣ ይካፈላል። እውነቱን ለመናገር ለ7 ዝም ብሎ ማካፈል ይሻላል።

ትጋብና ትጋአ (ኤልሲኤምና ጂሲኤፍ) መቼ የቱን ልጠቀም?

ትጋብ ትንሹ የጋራ ብዜት ነው፣ ትጋአ ትልቁ የጋራ አካፋይ። ስሙ ራሱ ያሳስታል፣ «ትልቁ» የተባለው የጋራ አካፋይ ትንሽ ቁጥር ነው፣ «ትንሹ» የተባለው የጋራ ብዜት ደግሞ ትልቅ ቁጥር ነው። እኔ የምላቸው እንዲህ ነው፣ ነገሩ ማከፋፈል ከሆነ አካፋይ፣ ነገሩ «መቼ ይገጣጠማሉ» ከሆነ ብዜት። 84 ደብተርና 132 እስክሪብቶ አለ፣ ምንም ሳይተርፍ ቢበዛ ለስንት ልጅ እኩል ይዳረሳል? አካፋይ። ሰፈራችሁ ውሃ በየ3 ቀኑ ይመጣል፣ ልብስ የምታጥብላችሁ ሴትዮ በየ4 ቀኑ ትመጣለች፣ ዛሬ ሁለቱም ከመጡ እንደገና አብረው የሚመጡት መቼ ነው? ብዜት፣ ከ12 ቀን በኋላ (ውሃው ቃሉን ካከበረ)።

84ና 132ን በፋክተር ዛፍ እስከ ፕራይም ድረስ ሰብሮ መሥራት ይቻላል፣ እኔ ግን የጥንቱን የግሪክ ሒሳበኛ የኤውክሊድን መንገድ ነው የማስተምረው፣ ፈጣን ነው። ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሱ፦ 132−84 = 48። 84−48 = 36። 48−36 = 12። 36 ለ12 ልክ ይካፈላል፣ ስለዚህ መልሱ 12 ልጅ ነው፣ ለያንዳንዱ 7 ደብተር 11 እስክሪብቶ። የጋራ ብዜቱ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁለቱን አባዝታችሁ ለ12 ማካፈል ነው፣ 84×132÷12 = 924።

ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ይሄ ሒሳብ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እንዲያውም ይሄን ቻፕተር እኔ መውደድ የጀመርኩት በሱ ነው። ባሕረ ሐሳብ (ቤተ ክርስቲያን ዘመንና በዓላትን የምታወጣበት ስሌት) ከላይ እስከ ታች ቀሪና ብዜት ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ስትጨምሩ ዓመተ ዓለም ይመጣል፣ ለ2018 ዓ.ም. 7518። ለ4 ስታካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 7518 2 ይቀረዋል፣ ማርቆስ። ግን ልብ በሉ፣ 5500 ራሱ የ4 ብዜት ነው፣ ስለዚህ ብትጨምሩትም ባትጨምሩትም ቀሪው አይለወጥም፣ የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ ሁለት ዲጂት ብቻ ማየት ይበቃል፣ 18 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ነው፣ ቀሪው 3 ሲሆን፣ 2015 ላይ ሆነች 2019 ላይም ትሆናለች።

ለ19 (የጨረቃ ዑደት ዓመት ነው) ሲሆን ግን 5500ን መርሳት አይቻልም የ19 ብዜት አይደለማ። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፣ አንድ ለዘመን ይቀነስና 12 ወንበር ይሆናል። አበቅቴ ወንበርን በ11 አባዝቶ ለ30 ማካፈልና ቀሪውን መያዝ ነው፣ 132፣ ቀሪው 12። መጥቅዕ በ19 ነው፣ 228፣ ቀሪው 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30። ሁሌም 30 ነው የሚመጣው፣ ቄሱ «እንዲህ ነው» ብለው ያስተማሩኝን ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው፦ 11+19 = 30፣ ስለዚህ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን የሁለቱ ድምር የ30 ብዜት ከመሆን አያመልጥም።

የሚገርመው ደግሞ ዓቢይ ቀመር ነው፣ 532 ዓመት። የሳምንቱ ቀን በ7 ይዞራል፣ ወንጌላውያኑ በ4፣ ጨረቃዋ በ19። 4፣ 7 እና 19 አንዳቸውም ከሌላው ጋር የጋራ አካፋይ የላቸውም (ከ1 በስተቀር)፣ ስለዚህ ትንሹን የጋራ ብዜታቸውን ለማግኘት ዝም ብሎ ማባዛት ነው፣ 4×7 = 28 ዐውደ ፀሐይ፣ 4×19 = 76 ዐውደ ማኅተም፣ 4×7×19 = 532። በ532 ዓመት አንዴ ዓመቱ ከነፋሲካው ከነዕለቱ ከነወንጌላዊው ተመልሶ ይመጣል። እነዚያ ሊቃውንት ትጋብ አላሉትም እንጂ የሠሩት እሱኑ ነው።

ትንሽ ጉርሻ ልጨምር፦ ወራችን 30 ቀን ነው፣ 30 = 28+2፣ ስለዚህ በየወሩ ዕለቱ በ2 ይገፋል። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፣ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። ካሌንደር ማየት አያስፈልግም።

ፕራይም ቁጥር ለተፈጥሮ ምን ያደርግላታል?

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ በ2021 እኤአ ግንቦት አካባቢ ያ ጆሮ የሚያደነቁር ነፍሳት ዛፉን ሁሉ ሲሞላው ታስታውሳላችሁ፣ ሲካዳ ይባላል፣ 17 ዓመት መሬት ውስጥ ቆይቶ ነው የሚወጣው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ናት፣ ደውላ ያሰማችኝ ድምፅ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው። 13 ዓመት የሚቆይም ዘር አለ። 13ም 17ም ፕራይም ናቸው፣ እና ብዙ ተመራማሪዎች ጥቅሙን እንዲህ ይገምቱታል፦ በየ12 ዓመቱ ቢወጣ በየ2፣ በየ3፣ በየ4 እና በየ6 ዓመቱ የሚበዛ አዳኝ ሁሉ ይጠብቀው ነበር፣ 17 ሲሆን ግን አይገጥሙም። ግምት ነው፣ ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ። ሒሳቡ ግን ግምት አይደለም፣ በ2024 እኤአ አንድ የ13ና አንድ የ17 ዓመት ትውልድ አሜሪካ ውስጥ ባንድ ላይ ወጡ፣ ከዚያ በፊት አብረው የወጡት በ1803 ነበር። ቀንሱ፣ 221። 13×17 ስንት ነው?

ፕራይም ቁጥሮች የሆነ ቦታ ላይ ያልቃሉ?

አያልቁም። ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ነው ያረጋገጠው። አለቁ እንበልና ሁሉንም አንድ ላይ አባዝታችሁ 1 ጨምሩ፣ የሚመጣው ቁጥር ለየትኛውም ቢካፈል 1 ይተርፈዋል፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ፕራይም አለው። እዚህ ጋ ጎበዝ ተማሪም ይሳሳታል፣ አዲሱ ቁጥር ራሱ ፕራይም ነው ማለት አይደለም። 2×3×5×7×11×13+1 = 30031፣ እሱ ደግሞ 59×509 ነው። አዲሶቹ ፕራይሞች ውስጡ ተደብቀው ነው የተገኙት።

ትልቁ የታወቀው በ2024 እኤአ ኦክቶበር ላይ ሉክ ዱራንት የሚባል አሜሪካዊ ያገኘው ነው፣ 2ን 136,279,841 ጊዜ ራሱን በራሱ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ። 41,024,320 ዲጂት አለው፣ በአንድ ገጽ 4,000 ዲጂት ብናትም ከ10,000 ገጽ ያልፋል።

ይሄ ሁሉ ለኑሮ ምን ይጠቅመናል? (ይሄን የሚጠይቀኝ ሁሌ ፈተና የወደቀ ልጅ ነው)

ብራውዘርህ ላይ ያለችውን የቁልፍ ምልክት አይተሃል? ከዛ ጀርባ ካሉት ዘዴዎች አንዱ በ1977 እኤአ ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ያወጡት ነው። ሁለት በጣም ትልልቅ ፕራይሞች አባዛና ውጤቱን ለሁሉም ንገር፣ ፕራይሞቹን ግን ደብቅ። 43×47 ስንት ነው ብልህ ወዲያው ትሠራዋለህ፣ 2021 የማንና የማን ብዜት ነው ብልህ ግን ቅድም እንዳየነው 14 ጊዜ ነው የደከምነው። ዲጂቱ በመቶዎች ሲሆን ድካሙ አይቻልም። በ2020 እኤአ ባለ 250 ዲጂት ቁጥር ሰብረው ሁለቱን ፕራይሞች አግኝተዋል፣ ሥራው አንድ የኮምፒውተር ኮር ብቻውን ቢሠራው 2,700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ነበር፣ ብዙ ማሽን ተካፍሎት ነው። ዛሬ የሚሠራባቸው ቁጥሮች ደግሞ 600 ዲጂት ያልፋሉ።

የሚገርመው፣ አንድ ቁጥር ፕራይም መሆን አለመሆኑን ማወቅ ለኮምፒውተር ቀላል ነው፣ በ2002 እኤአ ሦስት ህንዳውያን፣ አግራዋል፣ ካያልና ሳክሴና፣ ሁሌም በአጭር ጊዜ የሚያውቅ እርግጠኛ ዘዴ እንዳለ አሳይተዋል። «ፕራይም አይደለም» ይልሃል፣ «ታዲያ ፋክተሩ ማነው?» ስትለው ዝም። ቁልፉ የተሠራው በዚህ ዝምታ ነው።

እስካሁን ያልተፈታ ጥያቄ አለ?

ሞልቷል፣ ግን 5ኛ ክፍል የሚገባው አንዱ ይሄ ነው። ከ2 በላይ ያለ ማንኛውም ተጋማሽ ቁጥር የሁለት ፕራይሞች ድምር ነው ወይ? 8 = 3+5፣ 10 = 3+7 ወይም 5+5፣ 100 ደግሞ 3+97፣ 11+89፣ 17+83፣ 29+71፣ 41+59፣ 47+53። ጎልድባክ (1ን ፕራይም የሚለው ሰውዬ) በ1742 እኤአ ለሌላው ሒሳበኛ ለኦይለር በደብዳቤ ያነሳው ነው። በኮምፒውተር እስከ 4 ቢሊዮን ቢሊዮን ድረስ ተፈትሿል፣ የማይሆን አልተገኘም፣ ሁሌም ይሆናል ብሎ ያረጋገጠም የለም። አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪዬ ይሄን ስነግረው «እኔ አገኘዋለሁ» ብሎ ቆርኪውን ሁለት ሁለት መስመር እየደረደረ ቀጠለ፣ እስከ 60 ሲደርስ ቆርኪ አለቀበት፣ እናቱን ለስላሳ ግዙልኝ እያለ ነው።